ቁስል እንዴት ሰነድ ይሆናል? የጦር ሜዳ ትዝታ፣ ማስረጃ እና የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ጉዳት አበል ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከቤተ መዛግብት አይደለም፤ ከስልክ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። በልጅነቱ ከዚህ ሄዶ፣ እዚያው አድጎ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሾፌርነት ኢራቅ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ታሪኩን የማነሣው በራሱ ፈቃድ፣ ስሙን ሳልጠቅስ ነው። ለአእምሮ ጉዳት አበል ሊያመለክት ቅጽ ይዞ ተቀምጧል። ቅጹ አራት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ሆነ፣ የት ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ በየትኛው የጦር ክፍል ውስጥ ሳለህ ሆነ። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «አንተ የታሪክ ሰው ነህ። ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት አየዋለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ቀኑን የማያውቅ ሰው ውሸታም ይመስል ይሆን?»

ጥያቄው የሙያችን ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በሰውነቱ ተሸክሞት የሚኖረው ነገር ለሌላ ሰው ማስረጃ የሚሆነው በምን መንገድ ነው? የአሜሪካ መንግሥት ይህን ጥያቄ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ሲመልስና መልሱን ሲለውጥ ኖሯል። ዛሬ የዚያን ለውጥ ታሪክ ባጭሩ ተከትለን፣ በመጨረሻ ወደ አክስቴ ልጅ ቅጽ እና ወደ ራሳችን አገር ሥራ እንመለሳለን።

1. ሐኪም፣ አዛዥ፣ ሁለት ጓዶች

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ በሐምሌ 1862፣ ለሰሜኑ ጦር ወታደሮች የጡረታ ሕግ ወጣ። ሕጉ አበል የሚሰጠው በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ቁስል ወይም ሕመም ነበር። እግሩ ለተቆረጠ ወታደር ነገሩ ቀላል ነው፤ የሌለው እግር ራሱ ይመሰክራል። ቁስሉ ለማይታይ ሰው ግን ምስክር ያስፈልጋል። የጦር ሐኪሙ መዝገብ ካልተገኘ የአዛዡ ቃል፤ አዛዡ ሞቶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ አብረውት የተሰለፉ የሁለት ጓዶች የመሐላ ቃል ይቀርባል። ጥርጣሬ ሲኖር መሥሪያ ቤቱ ልዩ መርማሪ ልኮ ጎረቤቱን፣ ሚስቱን፣ የቀድሞ አሠሪውን በየቀዬው ያስመሰክራል። ሰው ተሰብስቦ የተሰወረውን በምስክር የሚያወጣበትን አውጫጭኝን ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም።

ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከባርነት ወጥተው የተዋጉት ጥቁር ወታደሮች የልደትና የጋብቻ ወረቀት አልነበራቸውም። ብዙዎቹ በጌታቸው ስም ተመዝግበው ዘምተው፣ ነጻ ሲወጡ ስማቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ ቁስላቸውን ከማስረዳታቸው በፊት መዝገቡ ላይ ያለው ሰው እነርሱ መሆናቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። ማስረጃ የሚጠይቅ ሕግ ማስረጃ የነበረውን ሰው አስቀድሞ እንደሚጠቅም ከዚህ እንማራለን። በ1890 የወጣው ሕግ ዘጠና ቀን ያገለገለና በጉልበቱ ሠርቶ ማደር ያልቻለ ሁሉ፣ ጉዳቱ ከጦርነቱ መምጣቱን ሳያስረዳ አበል እንዲያገኝ ፈቀደ። ማስረጃውን የመፈለጉ ሸክም ምን ያህል ከብዶ እንደነበር ከዚህ ይገመታል።

እነዚያ የጡረታ መዝገቦች ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የዚያን ዘመን ተራ ሰው ሕይወት ለሚያጠና ተመራማሪ ከእነርሱ የሚበልጥ ምንጭ ጥቂት ነው። ለአበል ሲባል በግድ የተነገረ ቃል ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ሀብት ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስንጠቀም የማን ሕመም ላይ ቆመን እንደምንጽፍ ማስታወስ ይገባናል።

2. «ደብሊው» እና «ኤስ»

ከዚያው ጦርነት በኋላ፣ በ1871፣ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ከሦስት መቶ በላይ ወታደሮችን መርምሮ ያገኘውን አሳተመ። የልብ ትርታ፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር ነበረባቸው። ልባቸው ላይ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረዳ በሽታ አልተገኘም። ሐኪሙ «የሚበሳጭ ልብ» አለው። ሕመሙ ስም የሚያገኘው በአካል ክፍል በኩል ሲሆን ብቻ ነበርና ፍርሃትና ሐዘን የልብ ሕመም ተብለው ተመዘገቡ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በየካቲት 1915፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «የመድፍ ድንጋጤ» የሚለውን ስያሜ በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ስያሜው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ የእንግሊዝ ጦርም ሕሙማኑን በሁለት ፊደል ከፈላቸው። የመድፍ ጥይት አጠገቡ ፈንድቶ የታመመው «ደብሊው» ተብሎ ቁስለኛ ይባላል፤ የቁስለኛ ምልክትም በእጅጌው ላይ ያደርጋል። ፍንዳታ ሳይደርስበት የታመመው «ኤስ» ተብሎ በሽተኛ ብቻ ይባላል። ክብርም አበልም በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠለጠሉ።

በ1917 ደግሞ ሐኪሞች ስያሜውን ፊት ለፊት እንዳይጠቀሙበት ታዘዘ። ሕሙሙ «ነርቭ ነክ፣ ገና ያልተመረመረ» ተብሎ ይላካል፤ ቅጽ ወደ ጦር ክፍሉ ይሄዳል፤ ይህ ሰው በእርግጥ ፍንዳታ አጠገብ ነበርን? ተብሎ አዛዡ ይጠየቃል። አዛዡ ግን ሞቶ፣ ተዛውሮ ወይም በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሕመሙ ዳኛ ከሐኪሙ ወደ መዝገቡ ተሻገረ። ይህ መሻገር እስከ ዛሬ ድረስ የጉዳዩ እንብርት ነው።

3. ስም የሌለው ሕመም

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በታኅሣሥ 1941 አንድ ትልቅ ሕግ ወጣ። በውጊያ የተሰለፈ ወታደር በውጊያው ስለ ደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ቃል ከአገልግሎቱ ሁኔታና ከመከራው ጋር የሚጣጣም ከሆነ፣ መዝገብ ባይኖርም እንዲታመን ሕጉ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥይት በሚዘንብበት ምሽግ ውስጥ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ የለም።

ለአእምሮ ጉዳት ግን የሚታመን ቃል ብቻ አይበቃም፤ የሚታወቅ ስምም ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 ባወጣው የመጀመሪያ የሕመሞች መመሪያ ውስጥ ከከባድ ውጥረት የሚመጣ የአእምሮ ምላሽ ተጠቅሶ ነበር። በ1968 በወጣው ሁለተኛ መመሪያ፣ የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ዓመት፣ ስያሜው ተሰረዘ።

ይህ ክፍተት ምን እንዳስከተለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1969 ሣራ ሄሊ የተባለች ማኅበራዊ ሠራተኛ በቦስተን በቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ቦታ ሥራ እንደ ጀመረች አንድ ሕሙም መጣ። ጓዶቹ ማይ ላይ በተባለ የቬትናም መንደር ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ገደሉ ተናገረ። ጭፍጨፋው ገና በሕዝብ ዘንድ አልተሰማም ነበር። ባልደረቦቿ የሰውዬውን ነገር ከእውነታ የራቀ ቅዠት አድርገው፣ ከባድ የአእምሮ በሽታ ብለው መዘገቡት። ሄሊ ግን አመነችው። ከወራት በኋላ ዓለም ሁሉ ማይ ላይን ሰማ። እርሷም በ1974 በሙያ መጽሔት ላይ፣ ሕሙሙ ስለ ግፍ ሲናገር ሐኪሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፈች።

ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ሰው የተናገረው ምስክርነት ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ የገባው ግን የበሽታ ምልክት ተብሎ ነው። የሰነዱን ፊደል ብቻ ያነበበ የታሪክ ሰው በእብድ ቃል ይስቅ ነበር።

በ1970ዎቹ ሮበርት ሊፍተን እና ኻይም ሻታን የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በኒው ዮርክ ከቬትናም ተመላሾች ጋር እየተቀመጡ ያደምጡ ጀመር። ወታደሮቹ፣ ሐኪሞቹና ሌሎች በአሰቃቂ ግፍ ውስጥ ያለፉ ሰዎችን ያጠኑ ምሁራን በጋራ ባደረጉት ግፊት፣ በ1980 በወጣው ሦስተኛ መመሪያ ውስጥ ዛሬ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የምንለው፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ሕመም በስሙ ገባ። ከሌሎቹ የአእምሮ ሕመሞች የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ትርጓሜው ውስጥ ታሪክ አለበት። አንድ ነገር ደርሷል ካልተባለ ሕመሙ አይባልም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ምርመራ የታሪክ ምርመራም ሆነ።

4. የተቃጠለው ፎቅ

ታሪክ ደግሞ መዝገብ ይሻል። ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኘው የወታደሮች የግል ማኅደር ማከማቻ እሳት ተነሣ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮች ጠፉ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ የተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ፣ ከ1947 እስከ 1964 ከአየር ኃይሉ ከተሰናበቱትም የስማቸው ተራ በፊደል ቅደም ተከተል «ሀባርድ» ከሚለው ስም በኋላ ከሚውሉት 75 በመቶ ያህሉ ወደመ። ቅጂ አልነበራቸውም፤ በማይክሮፊልም አልተነሡም፤ የጠፋውን የሚቆጥር የተሟላ ዝርዝር እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአንድ ወታደር አገልግሎት ከፍርስራሽ ይገነባል፤ ከደመወዝ ሰነድ፣ ከጦር ክፍሉ የዕለት ሪፖርት፣ ከሆስፒታል መግቢያ መዝገብ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ይሁንና የተጻፈውም ይቃጠላል። ያን ጊዜ የሚቀረው በመጀመሪያ የተነሣንበት የጓድ ቃል ነው።

5. ደንቡ ዛሬ የሚጠይቀው

በ1993 የወጣው ደንብ ለፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. አበል ሦስት ነገሮችን አስቀመጠ፤ የሕክምና ምርመራ ውጤት፣ ሕመሙንና በአገልግሎት ላይ የደረሰውን ክስተት የሚያያይዝ የሕክምና ማስረጃ፣ ክስተቱ በእርግጥ መድረሱን የሚደግፍ ተአማኒ ማስረጃ። በውጊያ ለተሰለፈ ሰው ሦስተኛው በራሱ ቃል ሊሟላ ይችላል። ሾፌሩ፣ ሬሳ አንሺው፣ የሕክምና ረዳቱ፣ ጸሐፊው ግን መዝገብ ማምጣት ነበረባቸው።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ በሁለት አቅጣጫ ሰፍቷል። በ2002 በአገልግሎት ላይ ለተፈጸመ የግል ጥቃት፣ የወሲብ ጥቃትን ጨምሮ፣ ከወታደራዊ ማኅደር ውጭ ያሉ ማስረጃዎች በግልጽ ተፈቀዱ። የፖሊስ መዝገብ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የሃይማኖት አባት ወይም የቤተሰብ ቃል፣ እንዲሁም የጠባይ ለውጥ፤ ድንገተኛ የዝውውር ጥያቄ፣ የሥራ ውጤት ማሽቆልቆል፣ መጠጥ መጀመር። ይህ ለታሪክ ሰው በጣም የሚያስደስት ሐሳብ ነው፤ ዝምታ ራሱ በዙሪያው ፈለግ እንደሚተው ሕግ አምኗልና። በ2010 ደግሞ ግንባርና ደጀን በማይለይበት ጦርነት ውስጥ በጠላት ወይም በአሸባሪ ጥቃት ፍርሃት ለታመመ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ካረጋገጠና ቃሉ ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር ከተስማማ፣ የራሱ ምስክርነት እንዲበቃ ተደረገ። ከሁሉም በላይ አንድ የቆየ መርህ አለ፤ ለአመልካቹ የቀረበውና በእርሱ ላይ የቀረበው ማስረጃ ሲመዛዘን ተቀራራቢ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይተረጎማል። የጉዳቱ መጠን ከዜሮ እስከ መቶ በመቶ የሚለካው ግን በክስተቱ አሰቃቂነት አይደለም፤ ሕመሙ የዛሬውን ሥራና ኑሮ ምን ያህል እንዳወከ በመመዘን ነው።

6. ትዝታ ይታመናልን?

በዚህ መካከል የማይቀር ጥያቄ አለ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ተመላሾች የሆኑ 59 ሰዎች ከተመለሱ ከአንድ ወር በኋላ፣ ዳግመኛም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስለ ደረሰባቸው ነገር በ19 ጥያቄዎች ተጠየቁ። በ1997 በታተመው ውጤት መሠረት 88 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ ጥያቄ ላይ መልሳቸውን ለውጠው ተገኙ። አንዳንዶች ይህን የውሸት ማስረጃ አደረጉት።

ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። በ2006 ብሩስ ዶረንዌንድና ባልደረቦቹ የቬትናም ዘማቾችን ቃል ከወታደራዊ መዛግብት ጋር አስተያዩ። መስፈርቱን ስላጠበቁ፣ በሕይወት ዘመኑ ታሞ የነበረው ሰው መጠን ቀድሞ ከተገመተው 30.9 በመቶ ወደ 18.7 በመቶ ወረደ። ማጋነን ወይም መዋሸት ግን እምብዛም አላገኙም፤ መከራው በበዛ ቁጥር ሕመሙም መብዛቱን መዛግብቱ ራሳቸው አረጋገጡ።

ሁለቱን ጥናቶች አብረን ስናነብ መልሱ ይታየናል። ሰው ዝርዝሩን ይሳሳታል፤ ቀን ያዛንፋል፤ ቅደም ተከተል ያዘበራርቃል። በዚህ ምክንያት ዋናው ነገር አልደረሰም ማለት ግን አይቻልም። የቃል ታሪክ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ይህን ከልምዱ ያውቀዋል።

7. የቡሄ ዕለት

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ከፊቱ የነበረው መኪና በመንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂ ተመትቶ ነበር። ዓመቱ 2007 መሆኑን፣ በጋ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። እንደ ታሪክ ተማሪ «ከዚያ በፊት ምን ነበር? ከዚያ በኋላስ?» እያልሁ ጠየቅሁት። በማግሥቱ ማታ ለእናቱ ደውሎ እንደ ነበር ትዝ አለው። አክስቴን ሄጄ ጠየቅኋት። ሳታመነታ መለሰችልኝ። «ቡሄ ዕለት ነው። ሙልሙል ለልጆቹ ሰጥቼ ስጨርስ ደወለ። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት። ድምፁ የእርሱ አልነበረም፤ 'ታመሃል ወይ?' አልሁት፤ 'ደክሞኝ ነው' አለኝ።»

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1999፣ በእነርሱ ኦገስት 19 ቀን 2007። ስለዚህ ክስተቱ የደረሰው ኦገስት 18 ነው። ቀን በእጁ ሲገባ የጦር ክፍሉን የዕለት መዝገብ ማስፈለግ ተቻለ። የአክስቴ ቃልም በጽሑፍ ተተርጉሞ፣ የጠባዩን ለውጥ የሚያስረዳ የቤተሰብ ምስክርነት ሆኖ ተያያዘ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁትን በጥቂቱ ላካፍላችሁ። ጥሩ የክስተት መግለጫ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ከብዙው መከራ ሊጣራ የሚችለውን አንዱን ወይም ሁለቱን ይመርጣል፤ ቦታውን፣ ወሩን፣ የጦር ክፍሉን፣ በስፍራው የነበረውን ሰው ይጠቅሳል። የማያስታውሰውን «አላስታውስም» ይላል፤ በግምት የተሞላ ክፍተት ከመዝገብ ጋር ሲጋጭ እውነተኛውን ክፍል ይዞት ይወድቃል። ቀጥሎ ከክስተቱ በፊት የነበረውን ሰውና ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ያነጻጽራል፤ እንቅልፉን፣ ቁጣውን፣ ከሰው መሸሹን። ለዚህኛው ክፍል ከራሱ ይልቅ አብረውት የኖሩት ይሻላሉ። ጽሑፉ በአንድ ሌሊት፣ ለብቻ አይጻፍም። የአክስቴ ልጅ በየጊዜው ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ ይተዋል፤ ሐኪሙም ይህን እየሠራ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ስለ ውሳኔው ልነግራችሁ አልመጣሁም። በኋላ የነገረኝን ግን ልንገራችሁ። የከበደው ቅጹ አልነበረም አለኝ፤ እናቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን የቡሄ ምሽት ምክንያት ማወቋ ነበር። እርሱ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የተወውን ሰነዱ አወጣው። ማስረጃ የሚጠይቅ መንግሥት ይህንንም ዋጋ እየጠየቀ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ እኛም ተመራማሪዎች እንደዚያው።

8. ወደ ቤታችን

ለእኛ ይህ ሁሉ ምን ይላል? ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ነው የተዋጉት። ስለዚህ የእነርሱ ውሎ በአሜሪካ መዛግብትም ውስጥ አለ። የሞቱት 121፣ የቆሰሉት 536 ተብለው ይቆጠራሉ። ይህ ቁጥር የሚታየውን ቁስል ይነግረናል፤ ሌሊት እየባነነ የኖረውን አይነግረንም። ከዚያ ወዲህ በኦጋዴን፣ በባድመ፣ በቅርቡም በሰሜኑ ጦርነት ያለፉት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከእነርሱ የሚበዙት ቀኑን፣ ቦታውንና የጓዳቸውን ስም የጻፈላቸው የለም።

ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ስትሄዱ፣ ዛሬ የምትይዙት ማስታወሻ ነገ የአንድ ሰው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ቀኑን በበዓልም ቢሆን፣ በዘርም በአጨዳም ቢሆን አስጠግታችሁ መዝግቡ። የጦር ክፍሉን ጠይቁ። ያላስታወሰውን አታስገድዱት። ሚስቱንና እናቱን አድምጡ፤ መዝገብ ያልያዘውን እነርሱ ይዘውታል። ቅጂውን ደግሞ ለባለቤቱ ስጡ፤ ቃሉ የእርሱ ነውና።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።